ሐኒባል፦ ከአፍሪካ የሄደ ሰው፣ ሩሲያ ውስጥ የወጣ ስም

ሳር ቤት አካባቢ ያለው አደባባይ በፑሽኪን ስም ይጠራል። በ2002 አዲስ አበባ ለገጣሚው ሐውልት አቁማለች፤ በ2009 ደግሞ አስመራ የራሷን አቆመች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ከተሞች አንድን ሩሲያዊ ባለቅኔ «የእኛ ነው» የሚሉት በእናቱ አያት ምክንያት ነው። ሰውዬው አብርሃም ፔትሮቪች ሐኒባል ይባላል፤ ሩሲያውያን ስሙን «ጋኒባል» ብለው ይጽፉታል።

ስለ ሰውዬው ብዙ ተጽፏል። ስለ ስሙ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ሳይጣራ ከአፍ ወደ አፍ የተሻገረ ነው። ሐኒባል በሩሲያ መኳንንት ዘንድ አንድ ቤተሰብ ብቻ የተሸከመው፣ ከአንድ አባት የወረደ ብርቅ ስም ነው። የዚህ ዓይነት ስም ምንጩ በቀላሉ የሚደረስበት ይመስላል። ብዙ ሰው የተሳሳተውም ስሙን ተከትሎ ወደ አፍሪካ ለመድረስ ሲሞክር ነው።

ተረት፦ ቤተሰቡ ከካርቴጁ ጦረኛ ከሐኒባል የሚወለድ ስለሆነ ስሙን ከአገሩ ይዞ ሄደ

ይህን ወሬ ያሰራጨው አብርሃም ከሞተ በኋላ በጀርመንኛ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊው አማቹ ሮትኪርኽ እንደሆነ ይታመናል። የሚስትን አባት ዘር ከሮም አስፈሪ ጠላት ጋር ማያያዝ ለባለቤቱ ወገን ክብር መጨመር ነውና፣ አማቹ ለምን እንደጻፈው መገመት አይከብድም። መዝገቡ ግን አይደግፈውም።

በ1704 ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ የተወሰደው ልጅ ኢብራሂም ነበር። ያመጣው በታላቁ ጴጥሮስ አገልግሎት የነበረው ነጋዴና ዲፕሎማት ሳቫ ራጉዚንስኪ ነው። በ1705 ቪልኒየስ ላይ ሲጠመቅ ዛሩ ራሱ የክርስትና አባት ሆነው። «ፔትሮቪች» የመጣው ከዚያ ነው፤ የጴጥሮስ ልጅ እንደማለት። ከ1717 እስከ 1723 ፈረንሳይ አገር ምሕንድስናና መድፈኝነት ሲማር፣ በፈረንሳይና በስፔን ጦርነት ተዋግቶ ሲቆስል፣ ተመልሶም በዛሩ ቤት ሲያገለግል መጠሪያው አብራም ፔትሮቭ ነበር። ሐኒባል የሚለው ስም በወረቀቶች ላይ የሚታየው በ1730ዎቹ ነው። ያኔ ሰውዬው ጎልማሳ ነበር፤ ሩሲያ ከገባም ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ለምን ያኔ? ይህ የእኔ ግምት ቢሆንም መሠረት አለው። ጴጥሮስ በ1725 ሞተ። ባለሥልጣኑ ሜንሺኮቭም አብራምን በ1727 በሥራ ሰበብ ከቻይና ድንበር አጠገብ ወዳለው የሳይቤሪያ ምድር ገፋው። ሲመለስ የክርስትና አባቱ የለም፤ ፔትሮቭ ደግሞ ማንም ባላገር የሚጠራበት ስም ነው። ጥቁር ሰው በነጭ መኳንንት መሀል መኮንን ሆኖ፣ ቤት መሥርቶ፣ ለልጆቹ ርስት ሊያወርስ ከፈለገ ከፍ ያለ ስም ያስፈልገው ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ጌቶች ጥቁር አሽከሮቻቸውን ቄሳር፣ ፖምፔይ፣ ስኪፒዮ እያሉ በሮማውያን ስም ይጠሩ ነበር። አብራም የመረጠው ሮማውያንን ያንቀጠቀጠውን አፍሪካዊ ነው። ነገሩ የእኛን የፈረስ ስም ይመስላል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ጀግና ለራሱ የሚያወጣው ስም ነው። ልዩነቱ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ሲቀር፣ ሐኒባል ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው።

ተረት፦ የመርከብ አዛዥ በአንድ ጠርሙስ ሩም ገዛው

በ1830 ጋዜጠኛው ፋዴይ ቡልጋሪን ፑሽኪንን ለማዋረድ ያሰራጨው ስድብ ነው። ልጁ በባሪያ ንግድ መስመር ቁስጥንጥንያ መድረሱ እውነት ቢሆንም፣ ወደ ሩሲያ የሄደው ግን በዛሩ ትእዛዝ በራጉዚንስኪ በኩል ነው። ሰካራም መርከበኛም ሆነ ጠርሙስ የለበትም። ፑሽኪን «የትውልድ ሐረጌ» በሚለው ግጥሙ መልሱን ሰጥቷል፤ ተረቱን ያቆየውም ምናልባት ያ መልስ ራሱ ነው፣ ቡልጋሪንን ዛሬ ማን ያነበዋል?

ተረት፦ አብርሃም ራሱ «ሐበሻ ነኝ» ብሎ ጽፏል

አልጻፈም። በ1742 የመኳንንት ማዕረግና የቤተሰብ አርማ እንዲፈቀድለት ለንግሥተ ነገሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ የገለጸው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከአፍሪካ መሆኑን፣ ከዚያው አገር ከበሬታ ካለው ወገን መወለዱን፣ የተወለደባት ከተማም «ላጎን» የምትባል ሆና አባቱ ከእሷ ሌላ ሁለት ከተሞች ይገዛ እንደነበር። የክርክሩ መነሻ ይህች አንዲት የቦታ ስም ናት። አቢሲኒያ የሚለው ቃል የገባው ከላይ ባነሳሁት የአማቹ ጽሑፍ ነው፤ ያው ከካርቴጁ ሐኒባል ያወረደው ጽሑፍ ማለት ነው። አንዱን ጥለን ሌላውን እንድንቀበል የሚያስገድደን ምክንያት ሊኖር ይገባል።

ምክንያት ለማቅረብ የሞከረው ዲሚትሪ አኑቺን ነው። ፑሽኪን በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ1899፣ ይህ ሩሲያዊ የሥነ ሰብ ምሁር ላጎንን በሐማሴን፣ በመረብ ወንዝ አካባቢ ካለችው ሎጎ ጋር አገናኛት። ነገሩ በጥሬው ሲታይ አይጠላም። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርክ እጅ ስለነበረች፣ ከዚያ የተያዘ ልጅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ቁስጥንጥንያ ሊገባ ይችላል። በአዲስ አበባና በአስመራ የተለመደው ትረካ ከአኑቺን ነው የሚነሳው።

አኑቺን ግን ሌላም ሐሳብ ነበረው፤ አድናቂዎቹ ከኛ ወገን ይህን ሲያነሱ ብዙም አይሰማም። እሱ እንደሚያምነው ከጥቁር አፍሪካዊ ዘር ፑሽኪንን የመሰለ ሊቅ ሊወጣ አይችልም፤ ሐበሾች ግን ከሌሎቹ አፍሪካውያን የተለዩና ለነጮች የቀረቡ ስለሆኑ ነገሩ በእነሱ ይስማማል። ማስረጃውን የመረጠው መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ነው ማለት ነው። ለእኛ የቀረበው ሙገሳ ለጎረቤቶቻችን ስድብ ነበር፤ ሙገሳውን ብቻ ለይቶ መቀበል ደግሞ አይቻልም።

ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በ1964 የፑሽኪንን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ትርጉም ሲያሳትም ስለ አብርሃም ረጅም ጽሑፍ አያይዞ፣ የአቢሲኒያን ትረካ ተጠራጠረ፤ ከቻድ ሐይቅ ደቡብ ያለውን የሎጎኔን አካባቢም አማራጭ አድርጎ ጠቆመ። በ1996 ደግሞ የቤኒን ተወላጅ የሆነው ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ሐሳቡን በሙሉ መጽሐፍ አጠናከረው። የእሱ ላጎን በዛሬዋ ካሜሩን ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ሎጎኔ-ቢርኒ ናት፤ የኮቶኮ ሕዝብ ሱልጣኔት መዲና የነበረች፣ በስሟ በሚጠራው ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ። ብሪታንያዊው ጸሐፊ ሂዩ ባርንስም በ2005 ባወጣው የሕይወት ታሪክ በዚሁ መስመር ሄዷል።

ሁለቱን ሳመዛዝን እኔ ወደ ሎጎኔ አጋድላለሁ። ማመልከቻው ስለ ከተማ ነው የሚያወራው፤ ከተማ ገዢ አባት የሚገኘው በኮቶኮዎቹ ቅጥር ከተሞች እንጂ በመረብ ዳር መንደሮች አይመስለኝም። ልጁ ከመጠመቁ በፊት ኢብራሂም ነበር፤ ይህም ለእስላም ሱልጣኔት ይቀርባል። ከቻድ ሐይቅ በሰሐራ በኩል እስከ ትሪፖሊ የሚደርስ የባሪያ ንግድ መስመር ነበር፤ ከትሪፖሊ ቁስጥንጥንያ ደግሞ የመርከብ ጉዞ ነው። ኢብራሂም የሚባል ሙስሊም ልጅ ከምጽዋ አካባቢም ሊነሳ እንደሚችል አልክድም፤ ስለዚህ ሎጎ ከጨዋታው አልወጣችም። ተረጋግጧል የሚባለው ግን ተረት ነው።

በቤተሰቡ አርማ ላይም ዝሆን አለ፤ ከዝሆኑ ጋር «ፉሞ» ተብለው የሚነበቡ ምስጢራዊ ፊደላት አሉ። ገሚሱ የላቲን ዓረፍተ ነገር ምኅጻር ነው ይላል፣ ገሚሱ የኮቶኮ ቃል ነው ይላል። በዚህ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ባይኖር ይሻላል።

ተረት፦ ፑሽኪን የሐኒባል ስም ወራሽ ነው

ደሙ እንጂ ስሙ አልደረሰውም። ስሙ ወዴት ወዴት እንደተበተነ ለማየት ካርታው አብርሃም ባገለገለባቸው ቦታዎች ይጀምራል። በ1733 ከታሊን ብዙም ሳይርቅ ካርያኩላ የሚባል ርስት ገዛ። ከ1742 እስከ 1752 የዚያችው ከተማ የጦር አዛዥ ነበር። ኤልሳቤጥ በፕስኮቭ ግዛት ሚኻይሎቭስኮዬን ጨምሮ ሰፊ ርስት ሰጠችው፤ በ1759 ደግሞ ከሴንት ፒተርስበርግ ደቡብ የምትገኘውን ሱይዳን ገዝቶ በኋላ ጡረታውን እዚያ አሳለፈ። በ1781 የሞተውም ሱይዳ ነው። ኢስቶኒያ፣ ፕስኮቭ፣ የፒተርስበርግ ገጠር፦ የስሙ አገር ይኸው ነው። ከሁለተኛ ሚስቱ ከክርስቲና ሬጊና ሾበርግ የተወለዱት ወንዶች ልጆች ናቸው ስሙን ይዘው የቀጠሉት።

የበኩር ልጁ ኢቫን ከሁሉም የገነነው ነው። በ1770 የናቫሪኖን ምሽግ በማስያዙ ስሙ በጻርስኮዬ ሴሎ የድል ዓምድ ላይ ተቀርጿል፤ በ1778 ደግሞ በዛሬዋ ዩክሬን የምትገኘውን የኼርሶንን ከተማ ግንባታ መርቷል። አላገባም፣ ስሙም በእሱ በኩል ቆመ። ኦሲፕ ናዴዥዳ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፤ እሷ ሰርጌይ ፑሽኪንን አግብታ በ1799 ገጣሚውን ስትወልድ የሐኒባል ስም በዚያም ቅርንጫፍ ጠፋ። ጴጥሮስ አብራሞቪች በፕስኮቭ ርስቱ እስከ 1826 ኖሯል። ፑሽኪን ስለ ቅድመ አያቱ የቤተሰብ ወረቀት ያገኘው ከእኚህ ሽማግሌ ነው። ስሙን ያበዛው ታናሹ ይስሐቅ ነው፤ ብዙ ልጆች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ፣ ፓቬል ይስሐቆቪች፣ የ1825ቱን የዲሴምበር ዓመፀኞች ደግፎ በመናገሩ እስከ ሶሎቬትስኪ ገዳም ድረስ ተግዟል። ስሙ ነጭ ባሕር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው ቢባል ቀልድ አይሆንም።

ከዚያ ውጪ ያለው ዘር ሁሉ ሌላ ስም የያዘ ነው። የፑሽኪን ልጅ ናታሊያ የናሳውን ልዑል ስላገባች፣ ዘሯ በእንግሊዝ መኳንንት ቤት ገብቷል፤ የአሁኑ የዌስትሚንስተር መስፍን ከእሷ ይወለዳል። ይህንን ሰምቶ «የእንግሊዝ ነገሥታት የሐበሻ ደም አላቸው» የሚለው ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። የዙፋኑ ሐረግ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ከንጉሣዊው ቤት ጋር ያለው ግንኙነት በጋብቻ ነው። ደሙ የሐበሻ መሆኑም፣ ከላይ እንዳየነው፣ አልተረጋገጠም።

ተረት፦ ሐኒባል የሚባል ሁሉ ዘመድ ነው

በጀርመን አገር በሃኖቨር የሜዳልያ ቀራጭ የነበረው ኤረንራይኽ ሐኒባል በ1678 የተወለደ ነው። ይህም አብርሃም ስሙን ከመውሰዱ በፊት ማለት ነው፤ ስለዚህ የጀርመኖቹ ሐኒባሎች ከአብርሃም ሊወርዱ አይችሉም። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ያለችው ሐኒባል ከተማም ከእሱ ጋር የሚያገናኛት የለም።

በተቃራኒው በሐማሴንም ሆነ በሎጎኔ-ቢርኒ ሐኒባል የሚባል ቤተሰብ ፈልጎ ማጣት ምንም አያሳይም። ስሙ እዚያ አልነበረም። ሎጎ እውነተኛ የትውልድ ቦታው ብትሆን እንኳ በሐበሻ ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነውና፣ ለትውልድ የሚያልፍ የቤተሰብ ስም አልነበረውም።

ክርክሩን ሊያጠራ የሚችለው የዘር ምርመራ ነው፤ እዚህም ላይ ስሙ ይጠቅማል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም ከሐኒባል ስም ጋር አብሮ ስለሚጓዝ፣ ሐረጉ ካልተቋረጠ ከይስሐቅ በወንድ በኩል የሚወለድ ሰው የአብርሃምን አባት ክሮሞዞም ይዟል ማለት ነው። ያንን ከኮቶኮና ከመረብ አካባቢ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። «የፑሽኪን ፀጉር ይመርመር» የሚሉት ግን አቋራጭ የሚመስል ረጅም መንገድ ይዘዋል። የገጣሚው ዋይ ክሮሞዞም የፑሽኪኖች ነው፤ ከአብርሃም የደረሰው ድርሻም በእናቱ በኩል ያለው አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ነው።