የ12ኛ ክፍል ካርዴና የዩኒቨርሲቲ በር

በዚህች አጭር ጽሑፍ በየዓመቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ላብራራ እሞክራለሁ። በ12ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ውጤት ከወረደ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቀራል ወይ? ጥያቄው ለእኔ ወሬ አይደለም፤ ደርሶብኛል።

ያደግኩት ጊዮርጊስ ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ጧፍ ትሸጣለች። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ታማ ተኛች። ቦታዋ እንዳይያዝባት ብዬ እኔ ተቀመጥኩበት። በተለይ ወር በገባ በ23፣ ሰው ሊሳለም ሲጎርፍ፣ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። አማካይ ውጤቴ ከ81 ወደ 58 ወረደ። ካርዱን ሳየው "በቃ፣ አለቀልኝ" ብዬ ብሔራዊ ፈተናውንም ልተወው ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ መምህር ጠርተው ገሰጹኝ። "አንተ ልጅ፣ ሁለት ወረቀት አታምታታ!" አሉኝ። አንዱ ካርድ ነው፤ ሌላው እስከ ዛሬ "ማትሪክ" የምንለው ብሔራዊ ፈተና ነው። ተማሪ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በፈተናው ነው እንጂ የካርድ አማካይ አይደመርለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ማርክ ይሰስታል፣ ሌላው ይበትናል፤ የሁሉንም ካርድ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ታዲያ ካርድ ዋጋ የለውም ማለት ነው? እንደሱ አይደለም። አንደኛ፣ ፈተናው የሚወጣው ከተማርነው ትምህርት ነው። እኔ ጧፍ ስሸጥ ያመለጡኝ ምዕራፎች ፈተናው ላይ ጠብቀውኛል። ዝቅ ያለ ማርክ ቅጣት ሳይሆን "እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ" የሚል ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ለሚያስብ ሰው ትራንስክሪፕት ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን ከተቀበሉ በኋላም የመጨረሻውን ዓመት ውጤት ያያሉ፤ በጣም ካሽቆለቆለ ቅበላውን ሊሰርዙ ይችላሉ።

የፈተናው በር ራሱ ጠባብ መሆኑንም መርሳት የለብንም። የ2014ን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በ2015ም ከ845,188 ያለፉት 27,267 ነበሩ። ስለዚህ የወደቀ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም።

እኔም በሐምሌ 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቼ ተፈተንኩ። ከ600 ያመጣሁት 296 ነው፤ ለማለፍ አራት ነጥብ ጎደለኝ። ያተረፈኝ ሬሜዲያል ነው። ይህ ፕሮግራም ከማለፊያው ትንሽ ዝቅ ያሉ ተማሪዎችን ተቀብሎ ለወራት ያስተምርና እንደገና ይፈትናል። ያለፈ ፍሬሽማን ይሆናል፤ ያላለፈ ይመለሳል። እዚያ ያመለጡኝን ምዕራፎች አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ አለፍኩም።

በመጨረሻ የማስተላልፈው ምክር ይህ ነው። ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለ እንደሆነ ካርዱ ወረደ ብላችሁ አታስደንግጡት። "የቱ ምዕራፍ አመለጠህ?" ብላችሁ ጠይቁትና አብራችሁት ቁጭ በሉ። ያን ጊዜ መምህሬ ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ፈተናውን አልቀመጥም ነበር። እናቴ ተሽሏት ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ቸር ሰንብቱ።