የተቀደደው ካርታ የሚገጠመው የት ነው?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ የልጅ ልደት እየተከበረ ነው እንበል። ማጂክ የሚያሳየው ባለሙያ ካርታውን በውዞ ለአንዲት ልጅ ይዘረጋላታል። አንዱን ትመርጣለች። እሱም የመረጠችውን ካርታ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ይቀደዋል፤ ሲቀደድ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። አንዷን ቁራጭ ልጅቷን ያስይዛትና የቀሩትን አጥፎ መዳፉ ውስጥ ያደርጋቸዋል። መልሶ ሲዘረጋቸው ካርታው ተገጥሟል፤ የጎደለው አንድ ጥግ ብቻ ነው። በልጅቷ እጅ ያለው ቁራጭ እዚያ ጥግ ላይ ሲደረግ ልክክ ይላል።

ወረቀት እንዲህ አይድንም። የመጫወቻ ካርታ በሙጫ የተጣበቁ ስስ ወረቀቶች ውጤት ሲሆን፣ ወረቀቱ ራሱ እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ የሴሉሎስ ክሮች የተሠራ ነው። ሲቀደድ ክሮቹ ይመዘዛሉ፣ ይበጠሳሉም። እንደነበሩ ለማያያዝ ወረቀቱን በውኃ አላቁጦ እንደ አዲስ ማምረት ይጠይቃል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ይህ ትርዒት ብዙ ዓይነት አሠራር አለው። በቀላሉ አሠራር ካርታዎቹ ሁለት ናቸው፤ መልካቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነው። አንደኛው በሰው ፊት ይቀደዳል። ሁለተኛው ጥጉ አስቀድሞ ተቀዶለት፣ ታጥፎ፣ መዳፍ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። ልጅቷ የምትይዘው ቁራጭ ከሁለተኛው ካርታ የተቀደደው ነው። ስለዚህ ልክ ቢገጥም አይገርምም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ልጅቷ ያንኑ ካርታ እንዴት መረጠች? ያ ሁሉ ሰው የካርታዎቹን ልውውጥ እንዴት ሳያይ ቀረ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ በካናዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መልስ አለው። ባለሙያው ካርታዎቹን በተሳታፊዎች ፊት ፈጥኖ እያገላበጠ አንዱን እንዲመርጡ ይጠይቃል፤ እሱ የፈለገው ካርታ ግን ከሌሎቹ ለቅጽበት ያህል ረዘም ብሎ ይታያል። በ98 በመቶው ሙከራ ምርጫው እሱ ያሰበው ካርታ ሆነ። ተጽዕኖውን የነቁበት ተሳታፊዎች 9 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው «እጁ ከዓይን ይፈጥናል» ብሎ ያልፈዋል። ምርምር የሚያሳየው ግን ወሳኙ ትኩረት መሆኑን ነው። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተመልካቾች ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደሚቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተደረገ። የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ ተመልካቾች አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጉስታቭ ኩንና ማይክል ላንድ፣ ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርውሮ በሦስተኛው የወረወረ ብቻ የሚመስል ባለሙያ አሳዩ። ባለሙያው ቀና ብሎ ወደ ላይ ሲመለከት፣ ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ያልተወረወረችው ኳስ አየር ላይ ስትጠፋ አየን አሉ። ዓይናቸውን በመሣሪያ ሲከታተሉት ግን ኳሷ ጠፋች ወደተባለበት ቦታ አልሄደም ነበር። ኳሷን የወረወረላቸው የገዛ ግምታቸው ነው።

ለካርታው ትርዒት ይህ ግምት ትልቅ ረዳት ነው። ከአጥር ርብራብ ጀርባ የቆመች ላም በየክፍተቱ ተቆራርጣ ብትታይም አንድ ሙሉ ላም መሆኗን አንጠራጠርም፤ አእምሮ የተሸፈነውን ይሞላል። ከባለሙያው ጣቶች መካከል የወረቀት ጠርዝ ብቅ ሲልም አእምሯችን «ያው የተቀደደው ነው» ብሎ ይደመድማል። ካርታው የሚገጠመው እዚህ ድምዳሜ ውስጥ ነው።

ይህን ማወቅ ከልደት ድግስ ያለፈ ጥቅም አለው። በአዲስ አበባ መንገዶች «ቀይዋን ያየ!» እያለ በሦስት ካርታ የሚያጫውተው ቁማርተኛ፣ በአንድ እጁ ሁለት ካርታ ይዞ የታችኛውን የጣለ መስሎ የላይኛውን ይጥላል። አጠገቡ ቆሞ የሚያሸንፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተባባሪው ነው። መገናኛ የታክሲ ግፊያ ውስጥ ኪስ አውላቂ ትከሻን ገፋ አድርጎ እጁን ወደ ኪስ የሚሰደውም ትኩረት አንድ ቦታ ሲያርፍ ሌላውን እንደሚለቅ ስለሚያውቅ ነው። በቦሌ መንገድ በስልክ እያወራ የሚነዳ ሰውም ዓይኑ መንገዱ ላይ እያለ እግረኛውን ላያየው ይችላል።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የምትሃት አሠራሮችን የገለጠው፣ ሰዎች በጥንቆላ ስም ያለ ጥፋታቸው መከሰሳቸውንና መገደላቸውን በመቃወም ነበር። በእኛም አገር ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እየተባሉ ለዘመናት ተገልለዋል። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው የእጅ ሙያ ምስጢር ሲመስል፣ ፍርሃት ለባለሙያው ክፉ ስም ለማውጣት ይቸኩላል።

ስለዚህ የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ የመጫወቻ ካርታዎች ቢይዝ ምኞቴ ነው። አንድ ተማሪ ትርዒቱን ተለማምዶ ያሳይ፤ ሌላው በስልክ ይቅረጽ። የቀሩት ያዩትን በየራሳቸው ከጻፉ በኋላ ጽሑፋቸውን ከቪዲዮው ጋር ያስተያዩ። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ የት ላይ መጣራት እንዳለበትም በገዛ እጃቸው ይማሩበታል።