ባዶ ፓስፖርት ለማደስ 5,000 ብር

የመጀመሪያው ፓስፖርቴ ጥር 2017 ላይ የአገልግሎት ጊዜው አበቃ። ከሽፋን እስከ ሽፋን ገለጥኩት። አንድም ቪዛ የለበትም፤ የመግቢያም የመውጫም ማኅተም የለበትም። አምስት ዓመት ሙሉ የኖረው እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከዕድር ደብተሩና ከቤቱ ካርታ ጋር ነው። «ላድሰው ነው» ስላት መነጽሯን አወለቀችና፣ «የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«የትም።»

አላመነችኝም። አትፍረዱባት፤ እኛ ሰፈር «ፓስፖርት አወጣ» ማለት «ሊሄድ ነው» ማለት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፓስፖርት ባወጣች በአራተኛው ወር ዱባይ ገባች። ይኸው ሰባት ዓመቷ፣ እናቷ የምታያት በስልክ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ፓስፖርት ያወጣሁት ለመሄድ ነበር። ጥር 2012፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ፣ ናይሮቢ ለሚካሄድ የተማሪዎች ስብሰባ። ኬንያ ለመግባት ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፓስፖርቱ ይበቃል። 600 ብር ከፈልኩ። መጋቢት 4 ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረና ስብሰባው ተሰረዘ። በቃ፣ ፓስፖርቱ ወጥቶ ቀረ።

ዛሬ ዋጋው ሌላ ነው። በ2016 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ሆኗል። በአምስት ቀን እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ 20,000፣ በሁለት ቀን 25,000። እኔ ከከፈልኩት ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ነገሩን በዶላር ካያችሁት ይለሰልሳል፦ ጥር 2012 ላይ 600 ብር 19 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ 5,000 ብር 40 ዶላር ቢሞላ ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ! ግን ማን ነው በዶላር ደመወዝ የሚበላው? በ2017 በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ነበር። ያኔ የአንድ ወሩ ሙሉ ደመወዝ ፓስፖርት አያወጣም ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን 5,000ው ሳይሆን በ5,000 እና በ20,000 መካከል ያለው ልዩነት ነው። 15,000 ብር። ይሄ የደብተሩ ዋጋ አይደለም፤ የጊዜ ዋጋ ነው። ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ስለ ጊዜ ዋጋ ተምሬ እንዲህ በግልጽ በታሪፍ ተጽፎ ያየሁት ግን ፓስፖርት ላይ ነው።

ይህን ዋጋ የከፈለ ሳይሆን መክፈል ያቃተው ጓደኛ አለኝ። አምና አንድ የውጭ ሥልጠና አመልክቶ አለፈ። ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ ሁሉ ተሸፍኖለታል። የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትኬት እንዲቆረጥለት የፓስፖርት ቁጥሩን በአሥር ቀን ውስጥ እንዲልክ። ፓስፖርት አልነበረውም። 20,000 ብር የእሱ የሁለት ወር ደመወዝ ነው። ደጁን ያልጠናው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጠይቆኝ ነበር። ግማሹም አልነበረኝም። ሥልጠናው ከ20,000 ብር ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበር፤ ግን የተቀባይነት ኢሜይል አስይዞ የሚያበድር ባንክ የለም። በዘጠነኛው ቀን የይቅርታ ደብዳቤ ላከ። እንግሊዝኛውን አብረን ነው ያስተካከልነው።

ባዶ ፓስፖርቴን የማድሰው ለዚህ ነው። በፋይናንስ ትምህርት «ኦፕሽን» የሚባል ነገር አለ፤ ዛሬ ጥቂት ከፍላችሁ ነገ ከፈለጋችሁ የምትጠቀሙበትን፣ ካልፈለጋችሁ የምትተዉትን መብት መግዛት ማለት ነው። ባዶ ሆኖ የቀረ ፓስፖርት ኪሳራ አይደለም፤ ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው የከፈለው የእሳት መድን እንደማለት ነው። ችግሩ፣ ይህን መብት በርካሹ የሚገዛው 5,000 ብር ለ«ምናልባት» ማስቀመጥ የሚችል ሰው መሆኑ ነው። የማይችለው ዕድል ሲመጣለት አራት እጥፍ ይጠየቃል። ታሪፉን የማልወደው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሌለውን ነው አብዝቶ የሚያስከፍለው።

ለእኔ አንድ ነገር ቀለል ብሎልኛል። በየካቲት 2017 ቺፕ ያለው አዲሱ ኢ-ፓስፖርት ሲመጣ፣ ዕድሜው ከ25 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የአገልግሎት ጊዜው 10 ዓመት ሆኗል። ለዓመት 500 ብር ማለት ነው፤ የወር የኢንተርኔት ጥቅሌ ይበልጠዋል። የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ግን አትቁጠሯቸው። ብዙ አገሮች ስትገቡ ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አባቴ ኃይሉ ነው። በአማርኛ ማንም አይሳሳተውም። በላቲን ፊደል ግን መሐል ላይ «አይ» ነው ወይስ «ዋይ»? ዲግሪዬ ላይ በ«ዋይ» ነው። የመጀመሪያው ፓስፖርቴ ላይ በ«አይ»። ያኔ ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ነው የሞላልኝ፤ «ቼክ አድርገው» ሲለኝ ስልኬን እየነካካሁ «ልክ ነው፣ ላከው» አልኩት። ያወቅኩት ለእንግሊዝኛ ፈተና ስመዘገብ ነው፤ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት ይላል። ከፓስፖርቱ ጋር ሳስማማው ከዲግሪዬ ጋር ተጣላ።

ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። የኤርፖርቱ ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው፤ የሚያውቀውም የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የእኛን «ኃ» አያውቅም፤ የአባቴን ድምፅም አይሰማም። ለማሽኑ ኃይሉ በ«አይ» አንድ ሰው ነው፣ ኃይሉ በ«ዋይ» ሌላ ሰው። ፎርም ስትሞሉ እባካችሁ ዲግሪያችሁን ወይም የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። የልደት ቀንም እንደዚያው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ዓመት ነው የሚደመረው፣ የመስከረም ልጅ ከሆናችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ።

ለእድሳቱ ማስረጃዎቼን ሁሉ ይዤ ሄድኩ፤ ስሜ ተስተካክሎ መጣ። ለእናቴ ሰጠኋት። አገላበጠችው።

«የአባትህን ስም በትክክል ጻፉት?»

«በዋይ ነው» አልኳት።

የላቲን ፊደል አታነብም። ግን ጣቷን ስሙ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከዕድር ደብተሩ ስር አስገባችው፣ ቆለፈችና ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።