የቆሻሻ ክምር ውሃ በበጋና በክረምት

ሰው ከቤቱ ጠርጎ ያወጣው ጥራጊ ከዓይኑ ስለ ራቀ ብቻ የጠፋ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከየደጁ የወጣው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይከማቻል፤ የተከማቸውም ይበሰብሳል፤ በበሰበሰው ላይ ዝናብ ሲወርድበት ከሥሩ ጥቁርና የሚከረፋ ውሃ ይወጣል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽላቸው የወደድነው ይህ ውሃ እንደ ወራቱ ጠባዩን የሚለዋውጥ መሆኑን ነው።

በአዲስ አበባ በረጲ የሚገኘውን፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለውን ስፍራ እንመልከት። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ ሲጣልበት ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ማለቃቸውን የረሳ ያለ አይመስለንም። ስፍራው ሲጀመር ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ከሥሩ አልተደረገለትም፤ ስለዚህም ፍሳሹ ከፊሉ ወደ ምድር ይሰርጋል፤ ከፊሉም ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ኋላም ወደ አዋሽ ይወርዳል።

በበጋ ከክምሩ የሚወጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሚያቀጥነው ዝናብ ስለሌለ ጨውና አሞኒያ ይበዛበታል። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ ሲጠራቀም የቆየውን አጥቦ ያወርደዋል። ይህን እመቤቶቻችን ከቡናው ሥርዓት በቀላሉ ያስተውሉታል፤ ፊተኛው ዝናብ እንደ አቦል የከረረ ነው፤ በኋላ ቶና፣ ከዚያም በረካ እየሆነ ይቀጥናል። (የቡና ወዳጆች ስለ ምሳሌያችን ይቅር ይበሉን።)

እንግዲህ በነሐሴ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ የመረመረ ሰው «ተሻለ» ቢለን ልንታለል አይገባም። የተለካ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንስጥ፤ በግንቦት በቀን 1 በርሜል ወጥቶ 10 እጅ መርዝ ቢገኝበት፣ በነሐሴ ደግሞ 10 በርሜል ወጥቶ በእያንዳንዱ 4 እጅ ቢገኝ፣ ወንዙ የተቀበለው 40 እጅ ነው። በጠርሙሱ ያለው ቀጠነ፤ ወንዙ የሚሸከመው ግን አራት እጥፍ ሆነ። ክምሩም ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ስለሚቆይ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ መንጠባጠቡን ወዲያው አያቆምም።

በክረምት ወንዙም ስለሚሞላ መርዙን በብዙ ውሃ ይበትነዋል። በበጋ ግን ወንዙ ራሱ ይጎድላል፤ በአቃቂ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ አትክልተኞች ደግሞ የወንዙን ውሃ አብዝተው የሚሹት በዚሁ ወራት ነው። በርግጥ ወንዙን የሚያቆሽሸው የቆሼ ፍሳሽ ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካውና የሽንት ቤቱ ድርሻ ብዙ ነው።

በጃፓን አገር በፉኩኦካ ከተማ የተገኘ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከክምሩ ሥር ቀዳዳ ያላቸውን ቧንቧዎች ዘርግቶ ፍሳሹን ቶሎ ማውጣት፣ በዚያው መንገድም አየር ማስገባት ነው። አየር ያገኘ ቆሻሻ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ፍሳሹም ይሻላል። ሆኖም የወጣው ውሃ የሚጣራበት ገንዳ ያስፈልገዋል፤ የገንዳውም ስፋት በነሐሴ ፍሳሽ ልክ እንጂ በግንቦት ፍሳሽ ልክ ሊሠራ አይገባም።