የቆየ መኪና ትክክለኛ ቁልፍ እንዴት ይታወቃል?

ገብቶ የዞረ ቁልፍ ሁሉ የመኪናው ቁልፍ ነው ማለት አይደለም። ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየሞቹ አጠገብ ባለችው ሱቄ ቁልፍ ስቀርጽ ደጋግሜ ከምናገረው ነገር አንዱ ይህ ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ የቤት ቁልፍ ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቅና ከፍሎ ይሄዳል። ቮልስ ወይም ሌላ የቆየ መኪና ይዞ የመጣን ሰው ግን ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፤ የእሱ ጉዳይ ጥያቄና ምርመራ ይፈልጋልና።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቮልሳቸውን አቁመው ገቡና «ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ አንድ ቀን ይታዘዘኛል፣ አንድ ቀን እምቢ ይለኛል፤ ሌላ ቅረጽልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ከምን ተቀርጾ ነው?»

«ከድሮው ቁልፍ ነዋ!»

«ድሮውስ? መኪናው ሲገዛ አብሮ የመጣው ነበር?»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ እኔም ስገዛው ቅጂ ነበር» አሉ። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። በእጃቸው የያዙት የቅጂ ቅጂ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን የቁልፉን መግቢያ ውስጡን እንይ። ቁልፉ የሚገባበት ክብ አካል ሲሊንደር ይባላል። በውስጡ በየራሳቸው ስፕሪንግ የሚገፉ ስስ የናስ ዝርግ ብረቶች ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን ዝርግ ብረት ወደሚገባው ከፍታ ያደርሱታል። ሁሉም እኩል ሲሰለፉ ሲሊንደሩ ይዞራል፤ አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ይይዘዋል። በትክክለኛውና በተሳሳተው ጥልቀት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያንሳል።

የእኔ ማሽን የሚሠራው በመከተል ነው። በአንድ በኩል ያለው ጣት አሮጌውን ቁልፍ ይዳስሳል፤ በሌላው በኩል ያለው ምላጭ ያንኑ ቅርጽ አዲሱ ላይ ያወጣል። አሮጌው ቁልፍ ለዓመታት በኪስና በሲሊንደር ውስጥ ካለቀ፣ ማለቁም አብሮ ይቀረጻል። ከዚያ ቅጂ ሌላ ሲቀረጽ ስህተቱ በስህተት ላይ ይደመራል። ስለዚህ የቆየ መኪና ቁልፍ መፈለግ ያለበት በእጅ ካለው ቁልፍ ሳይሆን ከቁጥሩ ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም የእያንዳንዱን ጥርስ ጥልቀት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። በቁጥር የተቀረጸ ቁልፍ መኪናው ከፋብሪካ በወጣ ቀን የነበረውን ጥርስ ይመልሳል።

ቁጥሩ የት ይገኛል?

በቮልስ ልጀምር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቆዩ መኪኖች ሁሉ ለዓይናችን የቀረበው እሱ ነውና። ለቮልስዋገን ቁልፍና መቆለፊያ ከሚሠሩት አንዱ በጀርመን ፌልበርት ከተማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው ሁፍ ነው። የቮልስ ቁልፍ መለያ ፊደልና አኃዝ አለው። እንደ ኤስ-ሲ፣ ኤስ-ዩ፣ ኤስ-ቪ ያሉት ፊደሎች በቁልፉ ጎን ላይ የሚሄደውን ቦይ ቅርጽ ይነግሩናል። አኃዙ የጥርሶቹን ጥልቀት ይነግረናል። ፊደሉ ካልገጠመ ቁልፉ ወይ አይገባም ወይ ልል ሆኖ ይገባል፤ አኃዙ ካልገጠመ ገብቶ አይዞርም።

ይህን መለያ አሮጌው ቁልፍ ላይ ካጣሁት ወደ መቆለፊያው እሄዳለሁ። የበሩን እጀታ ፈትቼ ወደ በሩ ውስጥ የሚገባውን ክፍል በብሩሽ አጸዳለሁ፤ የሞተር ማስነሻውንም ሲሊንደር አውጥቼ ጎኑን አያለሁ። የመምህሩን ቮልስ ቁጥር ያገኘሁት በበሩ እጀታ ላይ ነው። በሰንጠረዡ መሠረት በካሊፐር እየለካሁ የቀረጽኩት ቁልፍ ያለ ማወዛወዝ ዞረ።

ልል ገብቶ በመወዛወዝ የሚከፍት ቁልፍ ብዙ ሰው ያታልላል። ቦዩ ከሚገባው በላይ የሰፋ ያልተቀረጸ ቁልፍ የብዙ መኪና መቆለፊያ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ በሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት አስቀምጦ ለሁሉም መጠቀም ቀላል ነው። የሚጎዳው ሲሊንደሩ ነው። ቁልፍዎን እስከ መጨረሻው አስገብተው ሳያዞሩት ወደ ጎን ይነቅንቁት። በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቦዩ የመኪናዎ አለመሆኑን ይጠርጥሩ።

መኪናውስ ራሱ አንድ ነው?

ቁልፉን ከመመርመር በፊት የመኪናውን ዕድሜ ማወቅ ይገባል። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያሳያል፤ 8 ከሆነ 1968 ማለት ነው። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ወር አካባቢ ስለሆነ፣ በ1967 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1968 ሞዴል ይባላል። የሞዴል ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዓመቱን ካወቅን እጀታውን እናያለን። ከ1960 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ በር የሚከፈተው እጀታው ላይ ያለችውን አዝራር በመጫን ነበር፤ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ከእጀታው ጀርባ ያለውን ምላስ በመሳብ ሆነ። የሻንሲ ቁጥሩ 1966 እያለ እጀታው የሚሳብ ከሆነ፣ በሩ ወይም እጀታው ከሌላ መኪና መጥቷል፤ ቁልፉም አብሮ መጥቷል ማለት ነው።

ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በሩ የተመታበት ሰው ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሞተ መኪና የወጣ በር ያገኛል፤ መኪናውም ለበር አንድ፣ ለሞተር ማስነሻ ሌላ ቁልፍ ይዞ ይኖራል። ይህ ነውር አይደለም፤ መኪናው እንዴት ሲጠገን እንደኖረ ይናገራል። የሁለቱ ቦይ አንድ ዓይነት ከሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን ዝርግ ብረቶች እንደገና ደርድሮ አንድ ቁልፍ ለሁለቱም እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ከሻጩ የሚፈለገው ይህን በግልጽ መናገሩ ነው።

በተለይ ቮልስ ሲሸጥ ታሪክም አብሮ ይሸጣል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን በመሆኑ፣ ይህች መኪና በአገራችን ትዝታ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ሻጭ ትልቅ ታሪክ ሲያወራልዎ ያዳምጡ፤ ከዚያ በሩን፣ ማስነሻውንና የሻንሲ ቁጥሩን ያስተያዩ። ቁልፍ የሰውን ታሪክ አያረጋግጥም፤ ክፍሎቹ አብረው መኖራቸውን ግን ይመሰክራል።

ስፖርት መኪኖችም በዚሁ ይዳኛሉ

እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራው ካርማን ጊያ መልኩ የስፖርት መኪና ቢሆንም ሥሩ ቮልስ ነው፤ ምርመራውም ያው ነው። ፖርሽ ለድሮ መኪኖቹ ካርዴክስ የሚባል የፋብሪካ ካርድ ነበረው፤ በካርዱ ላይ የቁልፍ ቁጥር ይመዘገብ ነበር። የድሮ መርሴዲስም የመረጃ ካርድ የቁልፍ ቁጥር ይይዛል። እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ክርክር የለም፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሊንደሩ ላይ የተመታው ቁጥር ይመሳሰላሉ ወይም አይመሳሰሉም።

የእንግሊዞቹ ነገር ትንሽ ይለያል። ጃጓር ኢ-ታይፕን፣ ኤም-ጂን፣ ትራያምፍንና በገጠር መንገዶቻችን የምናውቀውን ላንድሮቨር ጨምሮ ብዙ መኪኖች ኤፍ-ኤስ የሚባል አንድ የቁልፍ ተከታታይ ተጋርተዋል። ቁጥሩ ከ876 እስከ 955 ነው፤ በድምሩ 80 ዓይነት ብቻ። ስለዚህ የአንዱ ላንድሮቨር ቁልፍ የሌላውን ሰው የስፖርት መኪና ሊያስነሳ ይችላል። እዚህ ላይ የቁጥሩ መመሳሰል ብቻውን ቁልፉ ከመኪናው ጋር መወለዱን አያሳይም፤ የሚያሳየው ወረቀት ነው።

ቁልፉንም በዓይን መመርመር ይጠቅማል። ለዓመታት የኖረ ቁልፍ መያዣውም ጥርሱም አብሮ ይለሰልሳል፤ መያዣው ላይ የተመታው ምልክት የደበዘዘ ሆኖ ጥርሱ ስለታም ከሆነ ጥርሱ በቅርቡ ተቀርጿል። ያ መጥፎ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ባወጣው ያልተቀረጸ አሮጌ ቁልፍ ላይ በትክክለኛው ቁጥር መቅረጽ ከሚቻለው ሁሉ የተሻለው ነው፤ ስሙ ግን በቅርቡ የተቀረጸ ነው እንጂ ከመኪናው ጋር የመጣ አይደለም።

ጥንቃቄና ጥበቃ

እኔ በቁጥር ቁልፍ ከመቅረጼ በፊት ሊብሬ አያለሁ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከመኪናው ጋር አስተያያለሁ። ቁጥሩን የያዘ ሰው መኪናውን ሳያይ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ይችላልና ቁጥርዎን እንደ ምስጢር ይያዙ። የቁልፍዎን ጥርስ ፎቶ አንስተውም ለማንም አይላኩ፤ ከፎቶ ጥልቀቱን ማንበብ ይቻላል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት አይጨምሩ፤ ዘይት በሠፈራችን የማይጠፋውን የግንባታ አቧራ ይሰበስባል። የደረቀ የግራፋይት ዱቄት ይበቃል። ከማስነሻው ቁልፍ ጋር የቤቱንና የሱቁን ቁልፍ ሁሉ አያንጠልጥሉ፤ ክብደቱ በጉዞ ላይ እየተወዛወዘ ሲሊንደሩን ይበላዋል።

ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ጠብቆ ማቆየት ግዴታችን ሆኗል። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የሚኖረው በባለቤቱ ትጋት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁልፍ ካገኙ አይጠቀሙበት፤ ለሥራ ሁለት ቁልፍ በቁጥር ያስቀርጹና እሱን ያሳርፉት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ፤ መኪናውን ሲሸጡ ወይም ለልጅዎ ሲያወርሱ ያንን ወረቀት አብረው ያስረክቡ። ተረካቢው ቁልፉ ሁሉ ቢጠፋበት እንኳ በዚያ ቁጥር ትክክለኛውን ማስቀረጽ ይችላል።