በልክ የሚሰፋ ልብስ ንግድ፦ የሚባለውና እውነታው

በሰፈር ውስጥ ጥሩ ልብስ የምትሰፋ ሴት ካለች ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፍላታል። «እጅሽ ይባረክ! ይህን ሙያ ይዘሽ ለምን የራስሽን ሱቅ አትከፍቺም?» ይሏታል። ምክሩ ከቀና ልብ የመጣ ነው። አብሮት የሚመጣው ግምት ግን ብዙ ባለሙያ አክስሯል። ማሽን ገዝቶ፣ ሱቅ ተከራይቶ፣ ዓመት ሳይሞላው ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ወደ ቅጥር የተመለሰ ስንት አለ! መስፋት ስላቃተው አይደለም። ይህ ንግድ ከመርፌው ይልቅ በሰዓት፣ በቀጠሮና በገንዘብ አያያዝ የሚቆም ወይም የሚወድቅ ስለሆነ ነው።

«ከጨርቁ ዋጋ በላይ የተረፈኝ ሁሉ ትርፍ ነው»

ከሁሉ የከፋው ተረት ይህ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ስለሆኑ እያንዳንዱ በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካቸው። አንዲት ሰፊ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው በ9,000 ብር ልትሠራ ተስማማች እንበል። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ በ6,500 ብር ገዛች። ገበር፣ ዚፕና ክር 800 ብር ወሰዱ። «1,700 ብር አተረፍኩ» ብላ ደስ ይላታል።

ሰዓቱን እንቁጠር። ደንበኛዋን አማክራ ልክ የወሰደችበት 1 ሰዓት፣ ገበያ ወጥታ የጥበቡን ቀለም ስትመርጥ የቆየችበት 4 ሰዓት፣ ቆረጣው 2፣ ስፌቱ 7፣ አስለብሳ አይታ ያስተካከለችበት 3፣ ተኩሳ ያስረከበችበት 1። ድምሩ 18 ሰዓት ነው። ለሱቁ በወር 6,000 ብር ኪራይ እየከፈለች እንዲህ ያለ 12 ልብስ የምታስረክብ ከሆነ ከዚህ ቀሚስ 500 ብሩ የአከራዩ ነው። ለትራንስፖርት 150 ብር ወጥቷል። የቀራት 1,050 ብር ለ18 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 58 ብር ገደማ ይደርሳታል። መብራቱ፣ የማሽን ጥገናውና ግብሩ ገና አልተነሱም። ያም ሥራ ሞልቶ በሚገኝበት ወር ነው።

የጉልበቷን ዋጋ ከወጪ የማትቆጥር ሰፊ ለደንበኞቿ ከኪሷ ድጎማ እየሰጠች ነው። መጀመሪያ የራሷን ደመወዝ እንደ ጨርቁና እንደ ክሩ ወጪ አድርጋ ትያዝ፤ ትርፍ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው። «ሰልባጅ ተራ እኮ በዚህ ዋጋ ሦስት ቀሚስ ይገዛል» የሚላት ደንበኛ ሲመጣም ዋጋ ቀንሳ አትከተለው። ከሰልባጅም ሆነ በፋብሪካ ከታተመ የጥበብ ጨርቅ ጋር በርካሽነት ተወዳድሮ የሚያሸንፍ የእጅ ሥራ የለም። እሷ የምትሸጠው በዚያች ሴት ትከሻ ላይ በትክክል የሚያርፍ ልብስ ነው፤ እሱን ሰልባጅ ተራ አያገኙትም።

«እሺ ካላልኩ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል»

የጥር ወር፣ አርብ ማታ ነው። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈኑ ቀሚሶች በየስማቸው ተሰቅለዋል፤ አብዛኞቹ ነገ የሚወሰዱ ናቸው፤ የሁለቱ ዘምዘም ገና አልተሰፋም። አንዲት እናት ጨርቅ ይዘው ይገባሉ። «ልጄ፣ ሰርጉ እሁድ ነው፤ በሞቴ እንዳታሳፍሪኝ!» ሰፊዋ ግድግዳውን ቀና ብላ ታያለች። «እሺ እማማ፣ ነገ ከሰዓት ይምጡ» ትላለች።

ያቺ እሺታ ከይሉኝታ የመጣች ናት። ዋጋዋ ግን ከአንድ ቀሚስ ይበልጣል፤ ለነገ የተቀጠሩት ሁሉ ይንገላታሉ፣ በጥድፊያ የተሰፋው ይጣመማል፣ ሰኞ ዕለት ለማስተካከል የሚመለሰው ልብስ የሳምንቱን ሥራ ይበላል። በአገራችን የልብስ ሰፊ ስም በአብዛኛው የሚጠፋው በቀጠሮ ነው። በሌላ በኩል «አልደርስም» ተብላ በሐቀኝነት የተሸኘች ሴት ለሚቀጥለው ድግስ በጊዜ ትመጣለች። ከቁልፍና ከክር ቀድሞ መገዛት ያለበት የቀጠሮ ደብተር ነው። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና እያንዳንዱ ልብስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ሳምንቱ የሚሞላበትን ቀን ያውቃል።

ከቀጠሮው ጋር ቀብድ ይነሳል። «ቀብድ መጠየቅ ያሳፍራል፣ ሰውን አለማመን ይመስላል» የሚሉ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው። ለአንድ ሰው በልኩ የተቆረጠ ልብስ ባለቤቱ ሳይመጣ ቢቀር ለሌላ ሰው አይሆንም፤ ጨርቁም ጉልበቱም ሰፊዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጨርቁ የሚገዛው በሰፊዋ ገንዘብ ከሆነ ቢያንስ የጨርቁ ዋጋ ሳይያዝ መቀስ መነሳት የለበትም። ሕጉም ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሰፊዋም ደንበኛዋም የሚጠበቁበት ድንጋጌ ነው። የተቀበለችው ቀብድ ይሁን የዋጋው ቅድመ ክፍያ በደረሰኙ ላይ ለይታ ትጻፍ፤ የነገ ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

«የባህል ልብስ ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል»

አይፈለግም፤ ይፈለጋል ቢባል እንኳ በእኩል መጠን አይደለም። የኦርቶዶክስ ሰርግ በጾም አይደረግም፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥራው የሚጎርፈው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ በጥር ሰርግ፣ ከዚያም ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ወቅት ነው። ኢድ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፤ የአምናውን ቀን አስቦ የተዘጋጀ ሰፊ ይቀደማል። የጥርን ገቢ አይቶ በጥር ልክ ኪራይ የተዋዋለ ሰው በመጋቢት ይቸገራል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ጭር ባለው ወቅት ዩኒፎርም፣ ጋዋንና የሥራ ልብስ ይሰፋሉ፤ ማሳጠርና ማጥበብም አይንቁም። ትንሿ ሥራ ኪራይ ትከፍላለች።

«ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው፤ ዋናው ስፌቱ ነው»

በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከፖሊስተር የተሠራው ገበር ግን አይሰበሰብም። ውጤቱን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ቀሚሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ወደ ላይ ይሸሽና ገበሩ ከታች ብቅ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጨርቁ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ተኩሶ እንደገና መለካት። 19 ከሆነ ጨርቁ 5 በመቶ ይሰበሰባል ማለት ነው፤ 140 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀሚስ 7 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። እርጥብ ሳለም በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ የጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑን ማየት ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የክሩ ቀለም ነው። አንድ ጊዜ የተነከረ ክር ካለቀ በኋላ የሚመጣው ክር፣ ስሙ ያው «ወርቃማ» ቢሆንም፣ መልኩ ሊለይ ይችላል። ለስድስት ሚዜዎች የተጠየቀ ሰፊ አራቱን ዛሬ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ሳምንት ቢገዛ በሰርጉ ፎቶ ላይ ልዩነቱ ይወጣል። የስድስቱም ጨርቅ ከአንድ ሸማኔ፣ በአንድ ጊዜ ይታዘዝ። ሸማኔውም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥበቡ የበዛ ሥራ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ለደንበኛ ቀን የሚቆረጠው ሸማኔውን ከጠየቁ በኋላ ነው።

«ያለ ዘመናዊ ማሽን አይጀመርም»

ይጀመራል። የፋብሪካ ዓይነት ማሽን በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይሰፋል፤ ነገር ግን በወር 12 ልብስ የሚያስረክብ ቤት ሥራው የሚጓተተው በልኬት፣ በቆረጣና በማስተካከል ላይ ነው። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር መብራት ሲጠፋ እንኳ ይሠራል። ከሁሉ በፊት የጨርቁን ጫፍ የሚጠቀልል ኦቨርሎክና ጥሩ ካውያ ያስፈልጋሉ፤ ያልተተኮሰ ስፌት የቱንም ያህል ቀጥ ቢል የጀማሪ ይመስላል። ሌላው ሥራው ሲበዛ ይጨመራል።

«ቲክቶክ ላይ ከታየሁ ከውጭ አገርም ይታዘዘኛል»

ይታዘዛል። ችግሩ የሚመጣው ከትእዛዙ በኋላ ነው። ከዋሽንግተን በቴሌግራም «ወገቤ 36 ነው» ብላ የጻፈች ደንበኛ በኢንች ተናግራ ይሆናል፤ ያ 91 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። «ሚዲየም ነኝ» ማለትም ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ልክ አይሆንም። ከሩቅ የሚመጣ ልኬት በሴንቲ ሜትር፣ ሌላ ሰው እየለካ፣ በቪዲዮ እየታየ ይወሰድ፤ በየጎኑም ለማስፋት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ይተው። ልብሱ አንዴ በመንገደኛ ሻንጣ ከሄደ ለማስተካከል አይመለስም።

«ቤቴ ውስጥ ስለምሠራ ፈቃድ አያስፈልገኝም»

ንግድ ነውና ያስፈልጋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ዩኒፎርም የሚያሰፋ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሕጋዊ ደረሰኝ ነው።

ሥራውን ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት አምስት ልብስ ለአምስት ሰው በሙሉ ዋጋ ስፉ፤ ሰዓቱንና ወጪውን በደብተር ያዙ። ስሌቱ ካላዋጣ ሱቁ አያድነውም፤ ወይ ዋጋችሁን አስተካክሉ፣ ወይ የምትሰፉትን ቀይሩ። እኛ ደንበኞች ደግሞ ለድግሱ ከወር በፊት እንሂድ፣ ቀብዱን ሳንከራከር እንክፈል፣ ዘመድ ነን ብለን ዋጋ አናስቀንስ። ዘመድነታችን እውነት ከሆነ በሙሉ ዋጋ እናሰፋ።