ከቀለሙ በፊት ብርሃኑ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ባትሪውን አብሩት። ቤት ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ ነገር፣ የቼዝ ፈረስም ይሁን የልጆች አሻንጉሊት፣ አናት በላይ ያዙት። አናቱና ትከሻው ቦግ ይላል፤ ከአገጩ ሥር ግን ይጨልማል። አሁን ባትሪውን አጥፉት። ዕቃው ያው ነው፤ ግን ድንገት ጠፍጣፋ ሆነ አይደል?

ይህችን ጥላ በቀለም ለማስቀረት ሌሊት የሚያመሹ ሰዎች አሉ። ስለ እነሱ እናውራ።

የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ይባላል። ቪዲዮ ጌም አይደለም። ሁለት ሰዎች ትንንሽ ወታደሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ርቀት በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ ይዋጋሉ። በዚህ ዓለም ትልቁ ስም የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ፤ ዛሬ መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው። ዋርሃመር የተባለውን ጨዋታ በ1983፣ ዋርሃመር 40,000ን ደግሞ በ1987 አወጣ። ወታደሮቹ ቁመታቸው 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ገዢው እጅ የሚገቡት ተነጣጥለው፣ ግራጫ ፕላስቲክ ሆነው ነው። መገጣጠሙም መቀባቱም የባለቤቱ ሥራ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራዊት 50፣ 60 ወታደር ሊኖረው ይችላል። ብዙ ሰው አምስት ስድስቱን ቀብቶ ይሰለቻል፤ የቀረው ካርቶን ውስጥ ግራጫ እንደሆነ ዓመት ይደፍናል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በቀልድ “የሐፍረት ክምር” ይሉታል።

ለምን ይሰለቻል? የትልቅ ሰው ልብስ እጥፋት ፀሐይ ላይ በራሱ ጥላ ይሠራል። የዚህ ወታደር እጥፋት ግን አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ የክፍል መብራት ከየአቅጣጫው ገብቶ ጥላውን ያጠፋበታል። ስለዚህ ቀቢው ጥላውንም ብርሃኑንም ራሱ መሳል አለበት፤ በብሩሽ፣ እጥፋት በእጥፋት። ለአንድ ወታደር ደስ ይላል። ለ60ው ግን አበሳ ነው።

ኤርብረሽ የሚያቀለው ይህንን ነው። መጠኑ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚያህል፣ በኮምፕሬሰር አየር ቀለምን እንደ ጉም የሚረጭ መሣሪያ ነው። ዘዴው ዜኒታል ይባላል፤ ዜኒት ማለት ልክ ከአናታችን በላይ ያለው የሰማይ ነጥብ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ብርሃን የሚመጣው ከላይ ከሆነ፣ ነጩ ቀለምም ከላይ ይምጣ። ኤርብረሹን እንደ ፀሐይ ቁጠሩት። ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ቀለሙም አይደርስበትም።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። ምስሉ አስቀድሞ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ ጥቁር ፕራይመር ከታችም ከላይም፣ ዙሪያውን ይረጫል። ፕራይመር መኪና ከመቀባቱ በፊት ጋራዥ ውስጥ እንደሚደረግለት የመጀመሪያ ልባስ ነው፤ እሱ ከሌለ የላይኛው ቀለም ይላጣል። ቀጥሎ ግራጫ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ከላይ ዘንበል ብሎ፣ ምስሉን እያዞሩ። በመጨረሻ ነጭ፣ ቀጥታ ከአናት፣ በትንሹ። አበቃ። ገና አንድ ቀለም ሳይነካው ወታደሩ ፊቱ፣ ጡንቻው፣ የካባው እጥፋት ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ጀማሪን የሚያበሳጩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቀለሙ ከቀጠነና ከቀረበ እንደ ሸረሪት እግር ይበታተናል። መሣሪያው ከራቀ ደግሞ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር መራቅ፣ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መርጨት ይሻላል። ለፕራይመር ብዙዎች ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ ይጠቀማሉ፤ ከመኪና ጎማ ያነሰ ግፊት ማለት ነው። ምላጩ ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ስትጀምሩ አየሩ ይቅደም፣ ስታቆሙ ቀለሙ ይቅደም። ይህ ከተዘነጋ መርፌው ጫፍ ላይ የቀረው ቀለም በሚቀጥለው ርጭት ፊቱ ላይ ጠብ ይላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። የተሠራውን ጥላ በወፍራም ቀለም ከሸፈናችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከላይ የሚመጣው ቀለም ሥሩን የሚያሳይ ስስ መሆን አለበት። ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንትራስት የተባሉ ቀለሞችን ካወጣ ወዲህ ዘዴው ይበልጥ የተወደደውም ለዚህ ነው፤ እነዚህ ቀለሞች ጎርበጥ ያለው ላይ ሳስተው፣ ስርጉዱ ውስጥ ይጠልላሉ።

ሳንባችሁን ግን እንዳትረሱት። “ውሃ ወለድ ቀለም ነው፣ ምንም አይል” የሚባለው ስህተት ነው። ጉም የሆነ ቀለም ይተነፈሳል። መስኮት መክፈት፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያና ብናኝ የሚያጣራ ማስክ የግድ ናቸው። ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ኮምፕሬሰር መግዣ የሌለውስ? ምንም አይደል። በጥቁር ፕራይመር ላይ፣ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ የደረቀ ብሩሽ ግራጫና ነጭ ነክሮ ከላይ ወደ ታች ማሻሸት ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ሸከር ይላል እንጂ ይሠራል። ሥራውን የሚሠራው መሣሪያው ሳይሆን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መወሰኑ ነው።

ለዚህ ደግሞ ስልካችሁ አለ። ቀለም ከመክፈታችሁ በፊት መብራት ከአናቱ በላይ አድርጋችሁ ወታደሩን ፎቶ አንሱት። የት እንደሚነጣ፣ የት እንደሚጠቁር ፎቶው ይነግራችኋል። እሱን ጎን አስቀምጣችሁ በአንድ ወታደር ብቻ ጀምሩ፤ 59ኙ ይጠብቃሉ፣ ለምደውታል።